ቁራኛና ሐዋላ

ከአልጋው መነሣት ያቃተውን በሽተኛ «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የሚል ሰው ሳያውቀው የድሮውን የዕዳ ሥርዓት ያነሣል። ቁራኛ ማለት ከሌላ ሰው ጋር የታሰረ ማለት ነበር፤ አበዳሪ ከተበዳሪ፣ ከሳሽ ከተከሳሽ። የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ነገሩ ከበድ ካለ ወይም ሰውየው ይጠፋል ተብሎ ከተፈራ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ነገሩ እስኪቆረጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ዳኛ ፊት አብረው ይቀርባሉ። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች እንዲህ ተጣምረው በገበያ መሀል ሲያልፉ ያዩዋቸውን ጥንዶች እየተገረሙ ጽፈዋል። ለእንግዳ ዓይን የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ተበዳሪ እንደሆነ መለየት ቀላል አልነበረም። በእኔ ግምት የሥርዓቱ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቤን አስከፍላለሁ የሚል ሰው ራሱም ይታሰር ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ዓመት እንዲጓተት አይፈልግም።

ቁራኛ የሚይዘው ሰውን እንጂ ገንዘብን አይደለም። ገንዘቡ ተቀብሮ ይሆናል፣ በሬ ተገዝቶበት ይሆናል፣ ዘመድ ቤት ተሸሽጎ ይሆናል። የሚታየውና የሚጨበጠው ተበዳሪው ብቻ ነው።

በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከፋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዘ በኋላ ዘመቻው ወደ ደቡብ ወርዶ የዲዚዎችን አገር፣ ዛሬ ቱም የምትገኝበትን የማጂን ደጋ፣ ከማዕከሉ ጋር አገናኘ። እዚያ የዕዳ ታሪክ ከነጠላ ቋጠሮ የከፋ ነበር። ገባሩ የተጣለበት ግብር ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሚወሰድበት ከብቱ ብቻ አልነበረም፤ ልጁም ይወሰድ ነበር። ማጂ ከዝሆን ጥርስ እኩል በባሪያ ንግድ ስሟ የሚነሣው በዚህ ነው። እንግሊዞችም የድንበሩን ወረራና ንግድ ለመከታተል ማጂ ላይ ቆንስላ ከፍተው ነበር። (በ1920ዎቹ መጨረሻ በቆንስላው በኩል ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበው የቡና ዘር በታንዛንያና በኮስታ ሪካ ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ነው። ለዚያ ዘር የጌሻ ገበሬ በማንም ስም የተጻፈለት ዕዳ የለም።)

በዚያ ዘመን መገበያያው ማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ አሞሌ ጨውና ጥይት ነበር። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ሺህ ብር ይዞ ከማጂ ወደ ጅማ የሚወጣ ነጋዴ 28 ኪሎ ብር ጭኖ፣ ጫካና ወንዝ አቋርጦ፣ ሽፍታውን እየሰጋ ይሄዳል ማለት ነው።

ሐዋላን የወለደው ይህ ክብደት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እኛ «ገንዘብ መላኪያ» አድርገን ብንለምደውም በእስልምና ሕግ ውስጥ ትርጉሙ ከዚያ የጠለቀ ነው። ሐዋላ ማለት ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው። እኔ ለአንተ አለብኝ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ለእኔ አለበት፤ «ከእሱ ተቀበል» እልሃለሁ፤ አንተም እሱም ከተስማማችሁ እኔ ከመሀል እወጣለሁ። አንዲት ጠገራ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ገንዘብ ተላለፈ። ይህን ቃል ያመጡልን ነጋዴዎች ከኮምፒውተር በፊት ያወቁትን ነገር ዛሬም ብዙዎቻችን አናስተውለውም፦ በሐዋላ የሚጓዘው ብር ሳይሆን ባለዕዳነት ነው።

የካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአቢሲኒያ ባንክ ተመረቀ። ከጥቂት ቅርንጫፎቹ አንዱ ጎሬ ነበር፤ ጋምቤላም ወኪል ነበረው። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይወጣ ስለነበር ባንኩ ቡናውን ተከትሎ ጎሬ መጣ። ነጋዴው ጎሬ ላይ ብሩን አስቆጥሮ ወረቀት ይቀበላል፤ አዲስ አበባ ላይ ወረቀቱን ሰጥቶ ብር ይቆጥራል። አበዳሪው መሀል ላይ ቢደርስበትስ? ወረቀቱ ራሱ በበቅሎ ስለሚጓዝ መንገድ ላይ ያለው ገንዘብ ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ በቅሎዋ ላይ።

በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ጣሊያን መጣና ዘጋው፤ ከነፃነት በኋላ በሚያዝያ 1935 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ደግሞ እሱ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለየብቻ ቆሙ። ለእኛ ታሪክ ከባንኮቹ ይልቅ የሚበልጠው በዚያው ሰሞን የወጡት የሕግ መጻሕፍት ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ አብረው ታወጁ። የመጀመሪያውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ ሁለተኛውን ዣን ኤስካራ ጀምሮት አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ፊቱን ወደ ፓሪስ ሳይሆን ወደ ዴልሂ አዞረ፤ የፍርድ አፈጻጸም ክፍሉን የሚያነብ ሰው የሕንዱን ሕግ አሻራ ወዲያው ያገኛል። ነጠላ መቋጠር ቀርቶ «የፍርድ ባለመብት» እና «የፍርድ ባለዕዳ» የሚሉ ቃላት መጡ። የሰውዬው ልብስ፣ መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃና የእጅ ሥራ መሣሪያ እንዳይነካ ሕጉ ከለላ ሰጠ፤ ከደመወዙም ሁሉ አይወሰድበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትልቁ ለውጥ ሦስተኛ ሰው ዘንድ ያለን ገንዘብ የሚመለከተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ለባለዕዳው ባለዕዳ ይጽፋል፦ «ለእሱ እንዳትከፍል»። ለባለዕዳው ደግሞ «እንዳትቀበል» ይለዋል። ባንክ ላይ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ የተሳሳተ ሐሳብ መጣል አለበት። «ባንክ ያለኝ ገንዘብ» እንላለን እንጂ ባንክ ውስጥ የእኔ ተብላ የተለየች ኖት የለችም። ብሬን በመስኮቱ በኩል ሳስገባ ብሩ የባንኩ ሆኗል፤ የእኔ የሆነው ባንኩ ለእኔ ያለበት ዕዳ ነው። ደብተሬ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባንኩ ምን ያህል ባለዕዳዬ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ሂሳብ ማገድ» ሣጥን ላይ ቁልፍ መግጠም አይደለም። ባንኩን «ዕዳህን ለእሱ አትክፈል፣ ለእኔ ክፈል» ማለት ነው። የጥንቱ ሐዋላ ነው፤ ልዩነቱ በስምምነት ሳይሆን በዳኛ ትዕዛዝ መሆኑ ብቻ ነው። ቁራኛው ከሰው ወደ ዕዳ ተሸጋገረ።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ከ1958 ጀምሮ የሕጉ መጻሕፍት በግልጽ አልመለሱትም። ባለዕዳዬ ሂሳቡ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ለሌላ ሰው ልኮታል፤ ገንዘቡ ከእሱ ባንክ ወጥቷል፣ ተቀባዩ ዘንድ ግን ገና አልገባም። በዚያች ቅጽበት ለማን ያለ ዕዳ ነው? ማንን «አትክፈል» ይሉታል?

ያኔ ጥያቄው አላስጨነቀም፤ ቅጽበቷ ቀናት ትፈጅ ነበርና። ሚዛን ተፈሪ የተከፈተ ሂሳብ የሚገኘው ሚዛን ተፈሪ ባለው ሌጀር ላይ ብቻ ነበር። ለአዲስ አበባ የሚላክ ገንዘብ በደብዳቤ ወይም በስልክ፣ በምስጢር ቁጥር ተረጋግጦ ይተላለፋል፤ ዝናብ መንገዱን ከዘጋው ደግሞ ይጠብቃል። የቱም ከተማ ሰው ግን ብሩን በእጁ ይዞ ከደጋው መውረድ ነበረበት፤ ሚዛን ለእሱ ከተማም ባንክም ነበር። የአበዳሪው ችግር ሌላ ነው፦ ተበዳሪው በየትኛው ቅርንጫፍ ሂሳብ እንዳለው ካላወቀ የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ የለውም። አንዱ ቅርንጫፍ ስለ ሌላው አያውቅም።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ባንኮች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ነበሩ፤ ቡናውን የሚገዛው በአብዛኛው የመንግሥት ድርጅት፣ ገንዘቡን የሚያበድረው የመንግሥት ባንክ ነው። መንግሥት ከመንግሥት ሲበደር ሂሳብ የሚያሳግድ የለም። ስለዚህ ዘመን ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ በቀጣዩ ዓመት አዋሽ ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ መጣ። ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ አዋጅ ቁጥር 97 ታወጀ፤ በንብረት መያዣ ያበደረ ባንክ ተበዳሪው ካልከፈለ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ንብረቱን ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ መብት ተሰጠው። ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ የሚያውቀው «የሐራጅ ማስታወቂያ» የዚህ አዋጅ ልጅ ነው። ሌላው አበዳሪ ክስ መሥርቶ፣ ፍርድ አግኝቶ፣ አፈጻጸም ከፍቶ ነው የሚደርሰው። ባንኩ ግን እዚያው ነው። የቡና አቅራቢው የተበደረበት ባንክና የሽያጩ ገንዘብ የሚገባበት ባንክ አንድ ሲሆኑ አቻችሎ መቀነስ የጣት ሥራ ሆነ። ለገንዘቡ የቀረበ ይቀድማል፤ ይህን ነገር ልብ ይበሉት፤ ወደ ፊትም ይመጣል።

ያ የመሀል ቅጽበት ጥያቄ በዚህ መሀል ከቡናችን ጋር ባሕር ተሻግሮ ነበር። ከቴፒ የተነሣ ቡና ጅቡቲ ላይ መርከብ ሲሳፈር ዋጋው በዶላር ነው፤ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ገዢ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ዶላር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኒው ዮርክ ባንኮች በኩል ያልፋል፤ ለሰከንዶችም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒው ዮርኩ ሁለተኛ ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ የመርከብ ኩባንያ ከአንድ የታይላንድ የፔትሮኬሚካል ኩባንያ ጋር ባደረገው ክርክር እንዲህ ሲል ፈረደ፦ ባለዕዳው የላከው ገንዘብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ኒው ዮርክ ላይ ሲያልፍ፣ በአስተላላፊው ባንክ እጅ እያለ፣ ባለመብቱ ሊያስይዘው ይችላል። ጉዳዩ «ዊንተር ስቶርም» ይባላል።

ውጤቱን ገምቱ። ሙምባይ ላይ የተጣሉ፣ ከአሜሪካ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሁለት የመርከብ ኩባንያዎች ጠበቃ ቀጥረው ኒው ዮርክ ይመጣሉ፤ የትእዛዝ ወረቀት ባንኮቹ ደጃፍ ያኖራሉ፤ ባላንጣቸው ለሌላ ሰው የሚልከው ዶላር በዚያ ሲያልፍ እስኪጠመድ ይጠብቃሉ። ወንዝ ዳር መረብ እንደ መጣል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2008 መጀመሪያ እስከ ጥር 2009 መጨረሻ ባሉት አራት ወራት ብቻ 962 እንዲህ ያሉ ክሶች በደቡባዊ ኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከፈቱ፤ እንዲያዝ የተጠየቀው ገንዘብ 1.35 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በዚያ ጊዜ ለፍርድ ቤቱ ከቀረበው መዝገብ ሁሉ ሲሦው ይኸው ነው። ባንኮቹ ቀኑን ሙሉ ስም ሲያመሳስሉ መዋል ሆነ ሥራቸው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 2009፣ የሕንድ መርከብ ኮርፖሬሽን የሲንጋፖሩን ጃልዲን በከሰሰበት ጉዳይ፣ ያው ፍርድ ቤት የራሱን ፍርድ ሻረ። በአስተላላፊው ባንክ እጅ ያለው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ የላኪውም የተቀባዩም ንብረት አይደለም አለ። ይህን ለማለት የተደገፈው በኒው ዮርክ የንግድ ሕግ ላይ ነው፤ ያ ሕግ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የላኪውን ባንክ፣ ከገባ በኋላ የተቀባዩን ባንክ ማገድ ይቻላል፤ መሀል ያለውን ግን ተዉት ይላል። ምክንያቱ የባንክ ወዳጅነት ብቻ አይደለም። መሀል ላይ ያለው ባንክ ለላኪው ዕዳ የለበትም፤ ለተቀባዩም የለበትም፤ ዕዳው ከባንክ ለባንክ ነው። ጎሬና ጅማ ላይ ሐዋላ የጻፉ ነጋዴዎች ፍርዱን ቢሰሙ ምን አዲስ ነገር አለው ይሉ ነበር።

እኛ ዘንድ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት ቡናም ወደ እሱ ገባ። የሚዛንና የቴፒ ቡና ቦንጋ መጋዘን ገብቶ፣ ተቀምሶ፣ ደረጃ ወጥቶለት አዲስ አበባ ላይ ይሸጥ ጀመር። ገዢው ከመገበያየቱ በፊት ገንዘቡን በክፍያ ሂሳቡ ማስገባት አለበት፤ ሻጩ በማግስቱ በሂሳቡ ያገኛል። ዱቤ፣ ቃል፣ «ነገ ና» የሚባል ነገር ከመሀል ወጣ። ለአቅራቢው ትልቅ እፎይታ ነበር። ለአበዳሪዎቹም እንዲሁ፤ የሽያጩ ገንዘብ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሂሳብ እንደሚገባ አስቀድሞ ታወቀ።

በ2003 ዓ.ም. የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ባንኮች እርስ በርሳቸው ገንዘብ የሚተላለፉበት ሥርዓት በብሔራዊ ባንክ ተዘረጋ። አዋጁ ስለ ክፍያ ፍጻሜ ይናገራል፦ በሥርዓቱ አልፎ የተወራረደ ክፍያ አልቋል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ ያስፈለገው አንድ ባንክ ቢወድቅ ትናንት የተከፈለው ሁሉ እንዳይፈርስ ነው። ለፍርድ ባለመብት ግን ትርጉሙ አጭር ነው፦ ከዘገየህ ባንኩን አትጠይቀው። ተቀባዩን ፈልገህ፣ ባለዕዳዬ ይህን የሰጠህ እኔን ለመጉዳት ነው ብለህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተከራከር። በወረቀት ላይ የሚያምር መብት ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ንግድ ባንክ ቅርንጫፎቹን በአንድ ሥርዓት አያያዘ፤ ሰዉ በአጭሩ «ኦንላይን ሆነ» አለው። አሁን ሚዛን የተከፈተ ሂሳብ መርካቶ ላይም ይከፈላል፤ ዋና መሥሪያ ቤት የገባ አንድ የእግድ ደብዳቤም በየትኛውም ቅርንጫፍ ያለውን ሂሳብ ይዘጋል። የባለዕዳው መሸሸጊያ የነበረው የሌጀር ብዛት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ለዚህ መልስ የሆነው ፍጥነት ነው። በ2008 ኢትስዊች ሥራ ጀምሮ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ ገባ፤ በኋላም ከባንክ ወደ ባንክ መላክ የሞባይል ሥራ ሆነ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ግን አሁንም ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በመልእክተኛ ወይም በባለጉዳዩ እጅ ነው የሚሄደው። ተበዳሪው ደብዳቤው እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ፍርዱ የተነበበ ዕለት ከችሎት ወጥቶ ስልኩን ያነሣል።

ግብር ሰብሳቢው ይህን መዘግየት አይወድም። በዚያው በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ባለሥልጣኑ እንደ ሌላው አበዳሪ ፍርድ እስኪያገኝ ሳይጠብቅ ራሱ ለባንክ የማገጃ ትዕዛዝ እንዲጽፍ፣ የግብር ከፋዩ ባለዕዳ የሆነ ሦስተኛ ወገንም ገንዘቡን ለእሱ እንዲከፍል እንዲያዝ ፈቀደለት። «ሂሳቤ ታገደ» የሚል ነጋዴ ስታገኙ ከጀርባው ያለው የጎረቤት ብድር ከመሆን ይልቅ ግብር መሆኑን የማስበው ለዚህ ነው። በ2011 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና የመያዝን ነገር በአዲስ መልክ ደነገገ፤ መዝገቡ ብሔራዊ ባንክ ተቀመጠ። ከብት፣ ማሳ ላይ ያለ ሰብል፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ቀድሞ ላስመዘገበ አበዳሪ ሊያዝ ይችላል። መሬቱ የመንግሥት ለሆነ፣ ያለው ቡና ብቻ ለሆነ ገበሬ በር ይከፍታል። ሁለተኛው አበዳሪ ግን መዝገብ ሳያይ ካበደረ ራሱን መጨረሻ ላይ ተሰልፎ ያገኘዋል።

መስከረም 2013 ላይ የብር ኖት ተለወጠ፤ ለመቀየር የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። በጆንያ፣ በግድግዳ ውስጥና በአፈር ሥር የነበረ ገንዘብ ሁሉ ወደ ባንክ መስኮት ወጣ። የለውጡ ዓላማ ብዙ ነበር፤ አንድ ያልተነገረ ውጤት ግን ነበረው፦ ማንም ሊያግደው የማይችለው ብር ሊታገድ የሚችል ዕዳ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር መጣ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚሉ የብድር አገልግሎቶች ጨመረ። ስሞቹ ጥሩ አማርኛ ናቸው። እንደኪሴ ክፍያ ሲጎድልህ ይሞላልሃል፤ በኋላ ወደ ሂሳብህ የሚገባው ገንዘብ ዕዳውን ይከፍላል። ዳኛ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ የፍርድ ባለመብት የሚባል ቃል የለም። አበዳሪው ገንዘቡ የሚያልፍበት በር ላይ ተቀምጧል። ኒው ዮርክ ለመርከብ ነጋዴዎች የከለከለችው ቦታ እኮ ይህ ነው።

ኅዳር 2014 ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ መቀመጫዎቹን በአራት ከተሞች ሲያከፋፍል የዳኝነቱ ለሚዛን አማን ደረሳት። ክልሉ አዲስ ነው፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ መጥቷል፤ ባንኮቹ ግን ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። ቱም ላይ ያለ አንድ ሰብሳቢ እንበል፤ ቡናው ሳይቀላ ለገበሬ ገንዘብ ሰጥቶ፣ እሱ ራሱ ከአቅራቢው ተበድሮ፣ አቅራቢው ከባንክ ተበድሮ። በጥቅምት ቡናው ይደርሳል፣ በኅዳር ይሸጣል፣ ገንዘቡ በስልክ መልእክት ይመጣል። መልእክቱ ሲመጣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው፤ ባንኩ የራሱን ቀንሶ፣ ግብሩ ተነሥቶ፣ አቅራቢው አስቀርቶ። ገበሬው ድርሻውን የሚያየው መጨረሻ ነው፤ ከሁሉ ርቆ የቆመ እሱ ነውና።

ከዚያ ያ ሌሊት መጣ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ንጋት ገደማ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ለተወሰኑ ሰዓታት ሂሳብን መጠበቅ ተወ። ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ማውጣትና መላክ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሥርዓቱ ላይ ሲደረግ የነበረ ማሻሻያ ያመጣው ችግር ነው አለ። ወሬው በቴሌግራም ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛመት ተማሪዎች ከመኝታቸው እየወጡ የገንዘብ ማሽን ፊት ተሰለፉ። 490 ሺህ ያህል ዝውውር ከተደረገ በኋላ ሥርዓቱ ተዘጋ፤ በማግስቱ የባንኩ ደንበኛ ሁሉ ለሰዓታት ብር ማውጣትም መላክም አልቻለም። መጀመሪያ በቢሊዮን ተገመተ፤ በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ አላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ግድም መሆኑን ተናገሩ።

የሕጉን ሰው ያስደነገጠው የቦታው መገለባበጥ ነው። መቶ ዓመት ያህል ባንክ ማለት ባለዕዳ ነበር፤ አስቀማጩ አበዳሪ። በዚያች ሌሊት ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ የባንኩ ባለዕዳ ሆኑ። አብዛኛው ገንዘብ ደግሞ ቆሞ አልጠበቀም። ለእኅት ተልኳል፣ ለጓደኛ ተልኳል፣ ወደ ሌላ ባንክ ተሻግሯል፣ ስልክ ተገዝቶበታል። እዚህ ላይ የ2003ቱ አዋጅ ፍጻሜ ባንኩን ራሱን ያዘው፤ የተወራረደ ክፍያ ወደ ኋላ አይመለስም። የቀረለት የ1952ቱ ሕግ ነው፦ ቁጥር 2164፣ የማይገባውን የከፈለ ይመለስለት ዘንድ ይጠይቃል። ሬኔ ዳቪድ ይህን ሲጽፍ በስሕተት ሁለት ጊዜ የከፈለ ባለሱቅ በዓይነ ኅሊናው መጥቶለት ይሆናል፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ዝውውር እንዳልመጣለት እርግጠኛ ነኝ።

15 ሺህ ሰው መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ ባንኩ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ ቤተሰብ ልጁን ጠራ፤ በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአራት እጅ ከሦስት እጅ በላይ የሚሆነው ተመለሰ። ምንም ያልመለሱት፣ አምስት መቶ ከምናምን ሰዎች፣ ስማቸውና የሂሳብ ቁጥራቸው በዝርዝር ወጣ። በአንዳንድ ቅርንጫፎች ደጃፍ ስማቸው ከነፎቶግራፋቸው ተለጠፈ።

ወረፋ የያዘ ሁሉ ያያቸዋል። ሰው ቆም ይላል፣ ስም ያነባል፣ የሚያውቀው እንዳለ ይፈልጋል፣ ይስቃል፣ ይሄዳል። በማሪያ ቴሬዛ ዘመን እንዲህ በገበያ መሀል የሚታየው ጥንዱ ነበር፤ አበዳሪው ከተበዳሪው ጋር ቆሞ፣ ፀሐዩ ሁለቱንም እየመታ። አሁን ማታ ሲሆን ጥበቃው በሩን ይዘጋል፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ፎቶው ውጭ ያድራል።